የጋሽ ፕሪሚየም የሕክምና ፍራሽ

ዕቃን በስሙ የሚጠራ ነጋዴ ካያችሁ ወይ ጀማሪ ነው፣ ወይ አሞታል። ጋሽ ፕሪሚየም ግን ጤነኛ ነው፤ እግዜር ይጠብቀው።

ፍራሽ ቤት አለው። ፍራሹን የሚሠራው ፋብሪካ ቆርጦ ከጣለው የስፖንጅ ቁርጥራጭ ነው። ቁርጥራጩ በማስቲሽ ተጣብቆ፣ አንዱ ሮዝ አንዱ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ፣ ክቡርነታቸው መለያው ላይ «ባለ ብዙ ንብርብር ቴክኖሎጂ» ብለው ያጽፋሉ። መለያውን ፍራሹ ላይ የምትሰፋው ሰፊዋ ናት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በሳቅ መርፌ እየሰበረች ሰፍታለታለች።

አንዷ ደንበኛ በወሯ ተመልሳ መጣች። «ጋሼ፣ መሀሉ ጎደጎደ እኮ!»

«ጉድጓድ አይደለም እህቴ፣ ትዝታ ነው። ፍራሹ ቅርፅሽን ያዘ። ሌላ ቦታ ብትገዢ ማን ያስታውስሽ ነበር?»

ሴትዮዋ አመስግና ሄደች። አመስግና!

«ትኋን የማይደፍረው» የሚልም አለው። ሰፊዋ «ምን ተቀብቶ ነው?» ብትለው፣ «ምንም። ትኋንም እኮ ምቾት ይፈልጋል» አላት። «በሐኪም የተፈተሸ» ያለውስ? ሐኪሙ የጥርስ ሐኪም ነበር። ሊገዛ መጥቶ ሁለት ደቂቃ ጋደም አለ፣ ወገቡን ይዞ ተነሳ፣ ወጣ። ታዲያ አልተፈተሸም?

ፊት ለፊት ያለው ባላንጣው ጠንካራ ፍራሽ ይሸጣል፤ መለያው ላይ የተጻፈው «ፍራሽ» ብቻ ነው። ጋሽ ፕሪሚየም ባየው ቁጥር ከንፈሩን ይመጥጣል፦ «ፍራሽ ብሎ ፍራሽ ይሸጣል፤ ምስኪን!»

አንድ ጠዋት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ገባች። እናቷ የጀርባ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታል ይወጣሉ። መለያውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ «ለወገብ… ሕሙማን… ልዩ የሕክምና ፍራሽ።» ፊቷ በራ።

«ተመስገን! ሐኪሙ የሚተኙበት ካልተስተካከለ ዳግመኛ አይራመዱም ብሎ አስፈራርቶኝ ነበር። በቃ፣ ይሄን ስጠኝ ጋሼ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ያን መለያ ሰፊዋ የሰፋችው ባለፈው ማክሰኞ ነው፤ በገዛ እጇ። ቀና ብላ ጋሽ ፕሪሚየምን አየችው። እሱ ፍራሹን በመዳፉ ተጫን አደረገው፤ እጁ ሰመጠ።

«ይሄ ላንቺ አይሆንም» አለ።

«ተጽፏል እኮ!»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ እህቴ። ቁርጥራጭ ነው። እናትሽን እዚህ ላይ እንዳታስተኚያቸው።»

ቀጥሎ ያደረገውን ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። መንገዱን አቋርጦ ባላንጣው ቤት ገባ፣ ጠንካራውን ፍራሽ እየተጫነ መረጠላት፣ በጭንቅላቱ ተሸክሞ ታክሲ ላይ ጫነላት። ተመልሶ ገብቶ፣ ሰፊዋን ዓይኗን ሳያይ፣ «ያን የሕክምናውን መለያ ፍቺው። ከሁሉም ላይ» አላት።

አርባ ሁለት ፍራሽ ነው። ሰፊዋ ምላጭ አንስታ መፍታት ጀመረች። የቴክኖሎጂውንና የትኋኑን መለያ ግን ማንም አልነካው፤ ሰውዬው በአንድ ቀን ይሙት እንዴ?

ባላንጣው ከማዶ ሆኖ ሆዱን ይዞ ይስቃል፦ «ኧረ እናንተ! ያ ቀጣፊ ዛሬ የኔ ኩሊ ሆነላችሁ!»

ሰፊዋ ምላጯን እንደያዘች ብድግ ብላ በሩ ላይ ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ዝጋ! እሱን ቀጣፊ የምንለው እኛ ነን!»