የሊቀመንበሩ ቬፕ

የብሎክ አሥራ አራት ነዋሪዎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ እሁድ ጠዋት፣ በጋራ መሰብሰቢያው ቤት፣ ኮሚናል ውስጥ ተሰብስበው የኮሚቴ ሊቀመንበር ይመርጣሉ። ይመርጣሉ ማለት እንኳ ይከብዳል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያደረጉት ጋሽ ደርቤን ማስቀጠል ነው። አንዱ "ይቀጥሉ!" ይላል፣ ሌላው ያጨበጭባል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ሹክሹክታው ይጀመራል። ሰውዬው አርጅተዋል። ጉዳይ ይዘህላቸው ስትሄድ እስኪሰሙህ ይመሻል። ቁጡ ናቸው። የሚያውቁት አንድ መንገድ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ይባልና ጋሽ ደርቤ ከታች ብቅ ሲሉ ያው ሰው "ጋሽዬ፣ እንዴት አደሩ!" ብሎ ሁለት እጁን ይዘረጋል። በብሎክ አሥራ አራት ይሉኝታ ከውሃ ይልቅ እንደ ልብ ይገኛል።

ውሃው የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ያውም ጎህ ሳይቀድ። በመጣ ሰዓት አንድ ሰው ወርዶ ፓምፑን ካላስነሳው ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ባዶውን ይቀራል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ግን ማንም አንስቶት አያውቅም። ቧንቧ ሲከፈት ውሃው ይወርዳል፣ በቃ።

ዘንድሮ ግን በደረጃው ላይ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ተላልፎ ነበር። ጋሽ ደርቤ ይውረዱ፣ በቦታቸው ሱራፌል ይግባ። ሱራፌል አምስተኛ ፎቅ የሚኖር ወጣት የባንክ ሠራተኛ ነው። የሕንፃውን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈተው እሱ ነው፣ በየማለዳውም የአበባ ሥዕል ይለጥፍበታል። በእሱ ሁሉም ተስማምቷል። የቀረው ነገር ቢኖር ለጋሽ ደርቤ ማን ይንገራቸው የሚለው ነው። ምድር ቤት ሱቅ ያለው ከድር "እቴነሽ ትናገር፣ ጸሐፊ ናት" አለ። እቴነሽ ደግሞ "ከድር ይናገር፣ ወንድ ነው" አለች። በዚህ ሲጓተቱ እሁድ ደረሰ።

ጋሽ ደርቤ በሰዓታቸው ገቡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከዚህ ሊቀመንበርነት ሌላ "ዛሬ ምን አለብኝ?" የሚያሰኛቸው ነገር የለም። ከኮታቸው ኪስ ቬፓቸውን፣ ያንን በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እንደ እስክሪብቶ የቀጠነ፣ አንድ መጫኛ ብቻ ያለው፣ ቀለሙ የተላላጠ ዕቃ ነው። ሲጋራ ያቆሙት በእሱ ነው።

"ከአጀንዳችን በፊት አንድ የግል ጉዳይ ላማክራችሁ" አሉ። "ይህን ያመጣችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። አሁን ደግሞ 'አጎቴ፣ ይህ ጊዜው አልፎበታል፣ አዲሱን ላምጣልህ' ትለኛለች። አዲሱ ስክሪን አለው፣ ሙቀቱም እንደ ፈለጉት ይስተካከላል አሉ። ልቀይር ወይስ በዚሁ ልቆይ? እውነቱን ንገሩኝ፣ እንዳታፍሩ።"

ይህን የጠየቁት ከልባቸው ይሁን፣ ወይስ ደረጃው ላይ የሚባለው ጆሯቸው ገብቶ፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከድር ቀና ብሎ እቴነሽን አየ። እቴነሽም ከድርን አየች። የሁለቱም ፊት በራ።

"እውነት ለመናገር ጋሽዬ…" አለ ከድር፣ "ቆይቷል።"

"ቆይቷል" አሉ ጋሽ ደርቤ።

"ክፉ ነው ማለቴ አይደለም! ግን እስኪሞቅ ድረስ ሰው ይሰለቻል።"

"ሲነኩት ደግሞ ይቆጣል!" አለች እቴነሽ።

"ይቆጣል?"

"ማለቴ… ያንቋርራል። ድምፅ ያወጣል።"

"አንድ ሙቀት ብቻ ነው የሚያውቀው" አለ ከኋላ አንዱ።

"ያፈሳል! ባለፈው ክረምት ጣሪያው እንኳ…"

"ጣሪያው?"

"ዕቃው ማለቴ ነው ጋሽዬ፣ ዕቃው።"

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። ቬፕ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ እናቶች ስለ ባትሪ ዕድሜ ይከራከሩ ጀመር። አንዲት አሮጊት "ልጄ፣ ነገር ሁሉ በጊዜው ዞር ሲል ነው የሚያምርበት" ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ዘጠኝ ዓመት የታፈነው ሁሉ በዚያች ቀጭን ዕቃ ላይ ወረደባት።

ጋሽ ደርቤ በአውራ ጣታቸው ዕቃዋን እያሹ ያዳምጡ ነበር። ከፋቸው። ስድቡን እንኳ ይችሉታል፤ የከፋቸው ከዚያ ሁሉ አፍ አንድ ሰው እንኳ "ደክመውልናል" የሚል መጥፋቱ ነው።

"አንድም መልካም ነገር የለውም?" ሲሉ ቀስ ብለው ጠየቁ።

ሁሉም አሰበ።

"ፈንድቶ አያውቅም" አለ ከድር።

"እንግዲህ እጅ እናውጣ። ይቀየር የምትሉ?"

እጅ እንደዚያ ቀን በአንዴ ወጥቶ አያውቅም። በር ላይ የቆመው ጥበቃ እንኳ ድምፅ የመስጠት መብት የሌለው መሆኑን ረስቶ አወጣ።

"ጸሐፊ፣ መዝግቢ።"

"ለቬፕ ቃለ ጉባኤ ይያዛል ጋሽዬ?"

"ይያዛል።"

እቴነሽ "ዕቃው እንዲቀየር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል" ብላ ጻፈች፣ ከሥሩም በደስታ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ጋሽ ደርቤ ወደ ሱራፌል ዞሩ። "አንተ ዘመናዊ ዕቃ ታውቃለህ። አዲሱ እንዴት ያለ ነው?"

ሱራፌል ኮሌታውን አስተካከለ። "ስለ እሱ መናገር ለእኔ ይከብደኛል" አለ አንገቱን ደፋ አድርጎ። "ፈጣን ነው። ያምራል። ከሁሉም ሰው ጋር ይግባባል። ገና ሲከፈት ሰላምታ ያቀርባል።"

"ሰላምታው ጥሩ ነው። የእህቴ ልጅ ግን አንድ ነገር ነግራኛለች። ቶሎ ይደክማል፣ በየጊዜው ቻርጅ ይፈልጋል አለችኝ። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ…"

"ጎህ ሳይቀድማ እኔ አልችልም!" አለ ሱራፌል ሳያስበው። "ያለ እንቅልፍ እኮ እኔ…" ብሎ አፉን ያዘ።

"አንተን ማን ጠየቀህ? የምናወራው ስለ ዕቃ ነው" አሉ ጋሽ ደርቤ። "እንግዲህ በማለዳ የሚሰካልኝ ሰው ፈልጉልኝ። ከድር?"

"እኔ ሱቁን ጥዬ የት እሄዳለሁ?"

"እቴነሽ?"

"ጉልበቴን ያውቁት የለም ጋሽዬ፣ በዚህ ደረጃ…"

"ቬፕ ለመሰካት ደረጃ ይወረዳል እንዴ?"

የሳቀ ሰው አልነበረም። አንዱ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ፣ ጫማው ክር አልነበረውም። ሁሉም በልቡ ማክሰኞን አሰበ፤ ማክሰኞ የውሃ ቀን ነው።

"ሲታሰብ ግን…" አለ ከድር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው።"

"አሁን ይህን የመሰለ አይሠሩም!" አሉ አሮጊቷ፣ በዚያው ነጠላ ሌላኛውን ዓይናቸውን እየጠረጉ።

"ትንሽ ቢወለወል አዲስ ነው" አለ ሱራፌል፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ።

እቴነሽ እስክሪብቶዋን አነሳች። "ልሰርዘው ጋሽዬ?"

"በሙሉ ድምፅ የተወሰነ አይሰረዝም።" ጋሽ ደርቤ ኮታቸውን ቆለፉ። "አሮጌው ጊዜው አልፏል ብላችኋል፣ ተቀብያለሁ። አዲሱን የሚይዝልኝ ሰው የለም፣ እሱንም አይቻለሁ። ሐኪሜ ግን ከሁለቱም የተሻለ ነገር መክሮኝ ነበር። 'ጨርሰው ይተዉት' ነው ያለኝ። ለካ እውነቱን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ።"

ይህን ብለው ከኪሳቸው የፓምፕ ቤቱን ቁልፍ አወጡና ከቬፑ አጠገብ አኖሩት። ቁልፉን ለማንሳት አንድም እጅ አልተዘረጋም።

እቴነሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። "ኧረ ጋሽዬ፣ እንዲህ በአንዴ አይሆንም! ሱስ እኮ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ነገር በአንድ ቀን ሲያቆሙት ሰው ይታመማል። ቀስ በቀስ ይሁን እንጂ፣ እባክዎ!"

ጋሽ ደርቤ በሩ ጋ ደርሰው ነበር። ዞር ብለው አንድ በአንድ አዩአቸው።

"እኔስ እችለዋለሁ" አሉ። "ሱሱ የያዘው እናንተን ነው።"