ማነህ የማይል ሰርቨር

ደግነት መልካም ነው፤ ሲበዛ ግን ያስፈራል። ቲኤፍቲፒ የሚባል የኮምፒውተር ፋይል ማመላለሻ አለ፤ እንደ እሱ ያለ ቸር አይቼ አላውቅም። የፋይሉን ስም ለጠራ ሁሉ ይሰጣል፤ ካመጣ ሁሉ ይቀበላል። የይለፍ ቃል? ማነህ? ከየት መጣህ? እሱ ዘንድ ይህን መጠየቅ ነውር ነው!

እኔ ወልቂጤ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ትውልዴ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሚስቴ የቡታጅራ ልጅ ናት። እኛ ዘንድ መስቀል ደመራ ለኩሶ መግባት ነው፤ እዚህ ግን ዓመቱ ራሱ መስቀል ነው። አምና ለበዓሉ ቡታጅራ ልሄድ ስል ኔትወርክ ተበላሽቶብኝ ቀረሁ። አማቴ አቶ ወልዴ፣ «ምነው፣ ማሽኑ ሌላ ዘመድ የለውም?» ብለው እስከ ፋሲካ አኮረፉኝ። ዘንድሮ ሚስቴ ቀድማ ስትሄድ፣ ከቀረህ እኔም እዚያው አባቴ ቤት ቀረሁልህ አለችኝ።

ስለዚህ ተዘጋጀሁ። ኢንተርኔቱን ለየክፍሉ የሚያከፋፍለውን የራውተሩን ቅንብር በዚያ ቸር ሰርቨር ላይ አስቀመጥኩ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ፋይሉን ራሱ ጠርቶ ይነሳል፣ እኔ ክትፎዬን እበላለሁ። ባልደረባዬ ዘበርጋ፣ ቁልፍ የለውም እኮ አለኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ አስረዳሁት፤ ሰርቨሩ ያለውን ዘርዝሮ አያሳይም፣ የፋይሉን ስም ደግሞ ከእኔና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም አልኩት።

በዋዜማው ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ መብራት ሄዶ መጣ። ኢንተርኔቱ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ጠፍቶ ተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ እንደ ጎርፍ ይወርዳል! አንዱ ጮሌ ተማሪ ፋይሉን ወስዶ፣ እንደሚመቸው ቀይሮ፣ ቦታው መልሶታል። ሰርቨሬም እጁን ዘርግቶ ተቀብሏል። የፋይሉን ስም በምን አወቀው ብዬ ስጮህ፣ ዘበርጋ ምን ብለኸው ነበር አለኝ።

«መስቀል» አልኩ።

ሳቁን መዋጥ አቃተው። በመስከረም፣ ወልቂጤ ላይ፣ ሌላ ቃል የሚገምት ማን አለ አለኝ። እውነቱን ነው፣ አፈርኩ።

ፋይሉን አስተካክዬ፣ ሰርቨሩን ከራውተሩ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ፣ ከማንምም እንዳይቀበል አድርጌ ዘግቼው ቡታጅራ ስደርስ በዓሉ ተጋምሷል። አማቴ አቅፈው ሳሙኝ። እፎይ፣ ትዳሬ ተረፈ! ቲኤፍቲፒን አማሁላቸው፤ ማንነት ሳይጠይቅ የሚሰጥ ጅል አልኩት። የሚቀበለውን ሰው አይቶ መስጠት ነው እንጂ አሉ፣ አዘኑልኝም።

ቀጥዬ ለአማች የተቀመጠችው የክትፎ ጣባ የት አለች ብል፣ ወደ ጥግ ጠቆሙኝ። አንድ የማላውቀው ሰው የመጨረሻዋን ጉርሻ እየጠረገ ነው። ማን ነው ብዬ በጆሯቸው ስጠይቅ ተቆጡ፦

«እኔ ምን አውቄ? ለመስቀል የመጣ ሰው ማነህ ይባላል እንዴ!»