በስቅለት ቀን የተጠጣ ወተት

ሰው የሚኮራበት አያጣም። አንዱ በበሬው፣ ሌላው በማንጎ ዛፉ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁሉንም ሲያጣ በዘሩ ይኮራል። ይሄ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው በጾሙ የሚኮራ ሰው ነው። ለምን ቢባል፣ ባለበሬውን “የእገሌ በሬ ይበልጣል” ብላችሁ ኩም ታደርጉታላችሁ፤ ጿሚውን ግን እንናገረው ካላችሁ ኃጢአተኛው እናንተው ናችሁ፣ ያውም ከነምሳችሁ።

ጎረቤቴ ሙላው እንዲህ ያለ ሰው ነው። የምንኖረው ከባምባሲ ወጣ ብላ ባለች የሰፋሪዎች መንደር ሲሆን፣ እሱም በደርግ ጊዜ ገና በልጅነቱ ከወሎ ከመጡት አንዱ ነው። በሰሙነ ሕማማት ከሐሙስ ማታ አንስቶ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውሃ አይቀምስም፤ ያከፍላል እንላለን። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ዓርብ ከሰዓት ዓይኔ ከፀሐይዋ ላይ አይነቀልም። ሙላው ታዲያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ “አንተም እኮ እየሞከርክ ነው” ይለኛል። ከረሃቡ ይልቅ ይሄ ይብስብኛል።

ዘንድሮ በስቅለት ማለዳ ሚስቱ ዘውዴ የቤቴን በር ደበደበች። ተከትያት ስገባ ሙላው በጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። ወባ ነው። ኪኒኑ ትናንት ከጤና ጣቢያ መጥቷል፤ ነርሷ በባዶ ሆዱ እንዳይወስደው፣ ወተት ወይም ቅባት ያለው ነገር እንዲያስቀድምለት፣ ዛሬ ካልጀመረ ደግሞ በሽታው ወደ ጭንቅላቱ ሊወጣ እንደሚችል ነግራቸዋለች። እሱ ግን እንኳን ወተት፣ ውሃም በአፌ አይዞርም ብሏል። ዘውዴ ለምናው፣ አልቅሳ፣ ተቆጥታው፣ ሁሉም አልሆነላትም።

የአገሬው የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ የሆነው ጎረቤታችን ሐሚድ ወሬውን ሰምቶ ወተት በጣሳ ይዞ መጣ።

“ይሄ የፍየል ወተት ነው፤ አሁን ነው የታለበው” አለ በሩ ላይ ቆሞ። “ሙላው በሽተኛ ነው። አላህ በሽተኛ ላይ አይቆጣም።”

ሙላው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሐሚድ ጣሳውን ለዘውዴ ሰጥቶ ደጅ ላይ ተቀመጠ።

እልህ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ለማን ታሳይ ብለህ ነው የምትሞተው፣ ብዬ ጮህኩበት። በጉርብትና ስንኖር አንድ ቀን ሳይተነፍሰው የኖረውን ነገር የነገረኝ ያኔ ነው። እናቱ በሰፈራው ጉዞ መንገድ ላይ ሞታ፣ መኪናው ሊነሳ ሲል አፈር አልብሰዋት ነው የመጡት። ቄስ የለ፣ ፍትሐት የለ። ቦታው የት እንደሆነ እንኳ አያውቀውም። ካደገ ወዲህ የሚያከፍለው ለእሷ ነው።

“እኔ ከበላሁ እሷን ከሲኦል ማን ያወጣታል?” አለኝ።

ይሄን ሁሉ ዘመን ሲታበይ የኖረ የመሰለኝ ሰው ለካ እናቱን ተሸክሞ ነበር የሚሄደው። አለቀስኩ ብላችሁ አታምኑኝም፤ ግን አለቀስኩ።

የንስሐ አባቱን መምሬ ወልዴን ፍለጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። በስቅለት ቀን ቄስን ከስግደት መጥራት ሙሽራን ከሠርጓ እንደ መስረቅ ነው። በሰጋጁ መሀል ተሹለክልኬ የእናቱን ጉዳይ ጨምሬ በጆሯቸው ስነግራቸው ግን መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። መንገዱን ሁሉ፣ ደርሰን ትንፋሹ ባይኖርስ እያልኩ መምሬን አጣድፋቸው ነበር።

ስንገባ መቃዠት ጀምሯል። የመምሬን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑን ገለጠ።

“ልጄ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?” አሉት።

“ስቅለት።”

“የተሰቀለው ማን ነው?”

ዓይኑን መልሶ ጨፈነ። ደግመው ጠየቁት።

“መድኃኔዓለም ነዋ።”

“ታዲያ አንተ ምን ቤት ነህ?”

ለበሽተኛ እንዲህ ይባላል ወይ ብዬ ልቆጣ ነበር። መምሬ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጾም ደግ ነው፣ እኔም ጿሚ ነኝ አሉት፤ ነገር ግን ሰው በረሃቡ ሰውን ከሞት የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ጌታ መስቀል ላይ መዋል ባላስፈለገው ነበር። እናትህ የተቀበረችበትን ቦታ አንተ ባታውቀው እሱ ያውቀዋል። ጸሎቱን እኔ አደርስላታለሁ፤ ያንተ ቀኖና ይሄን ወተት መጠጣት ነው አሉት።

“ጠጥቼ እሷ እዚያው ብትቀርስ?”

“እሷን ለእሱ ተዋት።”

ዘውዴ ጣሳውን አቀረበችለት። እጁ ተዘረጋ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተዘረጋ። እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀ ጠጣው። ኪኒኑን ሲውጥ ዘውዴ መሬቱ ላይ ዘፍ አለች፤ መምሬም ወደ ስግደታቸው ተመለሱ።

ሙላው ለፋሲካ ደህና ሆነ። እንኳን አደረሰህ ልለው ስገባ ትራስ ተደግፎ፣ ቤት ሙሉ እንግዳ ሰብስቦ ያወራል። ፊቱ እንደዚያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም። ደስ ብሎኝ ልቀመጥ ስል እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

“እናንተ እኮ በጾማችሁ ነው የምትመኩት። ጾሙን ጥሎ፣ ወተት ጠጥቶ፣ በቸርነቱ ብቻ የታመነ ከእኔ ሌላ በዚህ መንደር ማን አለ? እስቲ አንድ ሰው ጥሩልኝ።”

ምን ይሻለዋል በሚል ዓይን ከእንግዶቹ መሀል የተቀመጡትን መምሬን አየኋቸው። እሳቸው ከዶሮው ብልት ላይ ቀና ሳይሉ “ተወው” አሉኝ፤ “ከዚያ ያዳነው ከዚህም ያድነዋል።”