የለሊሴ ፊርማ

በሰው ፊርማ ፈርሜአለሁ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ውል ላይ አይደለም፤ ኑዛዜ ላይም አይደለም። አቴንዳንስ ላይ ነው። ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

የማስተምረው ጉርድ ሾላ አካባቢ ባለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። ስሙን አልነግራችሁም፤ እንጀራዬ ገና እዚያው ነው። ትምህርቱ ደግሞ ስታትስቲክስ ነው። «ልጆች፣ ቁጥር ከሰበሰባችሁ በሐቅ ሰብስቡ» እያልኩ ሰሌዳ የማንኳኳ ሴት ነኝ እንግዲህ።

አምና ተማሪ መቅረት አበዛ። ጥርስ እንደሚረግፍ ነው የሚረግፉት። መጀመሪያ ከኋላ አንዱ ይጎድላል፣ ከዚያ ከመሃል ሁለቱ፣ ከዚያ የቀሩት ራሳቸው እርስ በርስ እየተያዩ «እኛስ ምን እንሠራለን?» ይላሉ። አለቆቻችን ተጨነቁ። አለቃ ሲጨነቅ ምን እንደሚያደርግ መቼም ታውቃላችሁ። ኮሚቴ ያቋቁማል። የኛው «የተማሪዎች ተሳትፎና ቆይታ ማሻሻያ ግብረ ኃይል» ተባለ። በአንድ ትንፋሽ ለመጥራት ልምምድ ይጠይቃል። እኔንም አባል አደረጉኝ። ስብሰባ ላይ ጎንበስ ብዬ ስጽፍ ስለሚያዩኝ ይመስለኛል። የምጽፈው የአስቤዛ ዝርዝር መሆኑን ማን ነግሯቸው?

ሐሳብ መቼም አልጠፋም። አንዱ በየክፍሉ የአስተያየት ሳጥን ይሰቀል አለ። ተሰቀለ፤ የማስቲካ ልጣጭ ሞላው። ሌላው ተማሪዎች ወንበራቸውን ክብ ሠርተው ይቀመጡ፣ ያኔ ይነቃቃሉ አለ። አጨብጭበን አጸደቅን። ወንበሮቹ ወለሉ ላይ በብሎን መታሰራቸው ትዝ ያለን ከጸደቀ በኋላ ነው። በመጨረሻ ዲናችን አቋራጩን አገኙት። መምህር ሁሉ በየሳምንቱ ተማሪዎቹ የፈረሙበትን የአቴንዳንስ ወረቀት ያስገባል። ተማሪ ያልጎደለበት መምህር ስሙ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአረንጓዴ ይለጠፋል። የጎደለበትስ? የእሱም ይለጠፋል። በቀይ።

በቀይ! አርባ ሁለት ዓመት የሞላኝ፣ ሁለት ልጅ ያሳደግኩ ሴት፣ ተማሪ በሚተላለፍበት ኮሪደር ላይ ስሜ በቀይ? እስቲ እናንተ ብትሆኑ?

ክፍሌ ውስጥ ለሊሴ የምትባል ልጅ ነበረች። ቤታቸው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ጥግ ነው። ስትጠየቅ መጀመሪያ ፈገግ ትላለች፤ መልሱ ቀጥሎ ይመጣል። አጠገቧ ሁልጊዜ ጓደኛዋ ማርታ ትቀመጣለች። ማርታ ቀርታ አታውቅም። ዝናብ ጥሎ ታክሲ የጠፋ ዕለት እንኳን ከመገናኛ በእግሯ መጥታ፣ ጫማዋን በር ላይ አራግፋ፣ «ቲቸር፣ ጀምረዋል እንዴ?» ያለች ልጅ ናት።

አንድ ሰኞ ለሊሴ የለችም። ረቡዕም የለችም። ማርታን «ጓደኛሽ ወዴት ሄደች?» ብዬ ጠየቅኳት? አልጠየቅኳትም። እኔን የቆረቆረኝ ወረቀቱ ላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ያን ሁሉ ስም የያዘ ወረቀት፣ አንዲት ባዶ ሳጥን ብቻ! የለሊሴ ፊርማ ደግሞ ቀላል ነው። «ለ»ን ትጽፍና አንድ እግሯን ትጠቀልላታለች። ጫጩት ትመስላለች። የቢሮዬን በር ዘጋሁና አንዲት ጫጩት ሣልኩ። በሳምንቱ ሌላ ሣልኩ። ስምንት ሳምንት ሙሉ ስስል የዶሮ እርባታ ከፈትኩ ማለት ነው።

ስሜ በአረንጓዴ ወጣ። ዲናችን ኮሪደር ላይ አስቁመው «ምስጢርሽ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ተማሪን መቅረብ ነው» አልኳቸው። ይሄን ያለው አፌ እስከ ዛሬ እንዴት ዝም አላለም?

በዚህ የተነሳ ልምድሽን አካፍዪ ተባልኩ። ግብረ ኃይሉ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ባለ አንድ ሎጅ የአንድ ቀን ሥልጠና አዘጋጀ። ባሕር ዛፉን እያሸተትን፣ በብርድ እጃችንን እያፋተግን ተሰበሰብን። እኔ ፊት ለፊት ቆሜአለሁ። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ «ተማሪ ቁጥር አይደለም» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ይበራል። «እኔ የሚቀር ተማሪ የለኝም» እያልኩ ነው። በሩ ተከፈተና የሻይ ትሪ ገባ።

ትሪውን የያዘችው ለሊሴ ናት።

ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሽርጥ። በየጠረጴዛው እየዞረች ታድላለች። ዲናችን ከእጇ ብርጭቆ እየተቀበሉ፣ አጠገባቸው ላለው መምህር «ዋናው ልጆቹ እንዳይጠፉብን ነው» ይላሉ። እኔ ጋ ደረሰች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቲቸር፣ ሻይ ነው ቡና?» አለችኝ።

«ሻይ» አልኳት። ስምንት ሳምንት ለጠፋች ተማሪዬ ያለኝ ቃል ይቺው ነበረች።

በኋላ ግን አላስቻለኝም፤ ኩሽናው በር ላይ ጠብቄ አነጋገርኳት። አባቷ እግሩ ተሰብሮ ቤት ውሏል። ጠዋት ጠዋት መሥራት ግድ ሆነባት። ትምህርቴን ወደ ከሰዓት ፈረቃ አዛውሩልኝ ብትል ጊዜው አልፏል አሏት። «ግን አልተውኩትም ቲቸር» አለችኝ። «ዓርብ የማቋረጫ ቅጽ እሞላለሁ። ያንን ከሞላሁ በሚቀጥለው ሴሚስተር ከሰዓት እመለሳለሁ። ካልሞላሁ በሁሉም ኤፍ ሆኖ መባረሬ ነው።»

«ጎበዝ» አልኳት። ቁልቁል ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ ነው ነገሩ የገባኝ። ቅጹ የሚፈቀደው ከሁሉም ትምህርት ለቀረ ተማሪ ነው። እኔ ጋ ለሊሴ መች ቀረች?

ዓርብ ለሊሴ ሬጅስትራር ሄደች። እኔም ወረቀት ይዤ በዚያ በኩል የማልፍ መስዬ በር ላይ ቆምኩ። የሬጅስትራሩ ኃላፊ አቶ ጌታሁን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያያሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ሌላው ሁሉ ጋ የለሽም፤ ስታትስቲክስ ላይ ግን አንድ ቀን አልቀረሽም። ስታትስቲክስ እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ?»

«ጋሼ፣ እሱም ላይ አልነበርኩም።»

«ታዲያ ይቺ ፊርማ የማን ናት?»

ለሊሴ ጎንበስ ብላ አየች። «የኔን ትመስላለች። እኔ ግን አይደለሁም።»

«አጠገብሽ ማን ነው የሚቀመጠው?»

ፊርማዋን እንደገና አየችና ቀስ ብላ «ማርታ» አለች።

ያን ጊዜ መግባት ነበረብኝ። ሦስት እርምጃ ብቻ ነበር። ዞሬ ወደ ቢሮዬ ሄድኩ።

ቅጹ ነገሩ እስኪጣራ ተያዘ። ማርታ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ተጠራች። ሁለቱ ደረጃው ሥር ሲጣሉ ጆሮዬ ሰማ።

«ለኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አጠፋሽኝ!» ትላለች ለሊሴ።

«እኔ? አብደሻል እንዴ? ብፈርምልሽ ኖሮ ደውዬ አልነግርሽም?»

«ከአንቺ ሌላ ፊርማዬን ማን ያውቃል?»

«በእናቴ ስምልሽ አታምኚኝም አይደል? ተይው በቃ። ተይው።»

ከዚያ በኋላ እኔ ሰው አልነበርኩም። መቀመጥ አልችል፣ መቆም አልችል። ልጆቼ «ማሚ ምን ሆነሻል?» ይሉኛል፤ ጨጓራዬ ነው እላለሁ። በየጠዋቱ ከአያት ባቡር ስሳፈር «ዛሬ እናገራለሁ» ብዬ እምላለሁ። ጉርድ ሾላ ስንደርስ ድፍረቴ ከኔ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዷል። እንዲህ ስል አሥር ቀን ሞላኝ። አሥር ቀን ለእናንተ ምንም አይደለም። ያላደረገችውን አድርገሻል ለተባለች ልጅ ስንት እንደሆነ ግን አስቡት።

በአሥራ አንደኛው ቀን አቶ ጌታሁን ቢሮ ገባሁና «የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሳቁ። «አንቺ መቼም ደግ ነሽ፤ ልጆቹን ለማዳን ብለሽ ነው» አሉ። ብምል ብገዘት አያምኑም። ለካ እውነት ለመናገርም ማስረጃ ይጠየቃል! ጠረጴዛቸው ላይ ካለው ወረቀት አንዱን ሳብኩና ፊታቸው አንዲት ጫጩት ሣልኩ። ሌላ ደገምኩ። በሦስተኛው ሳቃቸው ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዴ… አንቺ ሴትዮ!» አሉኝ።

ደብዳቤ ጻፍኩ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ስሜም በቀይ ወጣ። ይገርማችኋል፣ ስፈራው የከረምኩትን ቀይ ሁለት ተማሪ እንኳን ቆሞ አላነበበውም። ለሊሴ ቅጿ ተፈረመላት። ኮሪደር ላይ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አፍጥጣ አየችኝና «ቲቸር፣ እንዴት ቻሉት? እኔ ራሴ ሁለቴ አንድ ዓይነት አይወጣልኝም» አለችኝ። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። «ማርታ!» አለችና ስልኳን አወጣች። አይነሳም።

ሬጅስትራር ሮጥን። ማርታ እኔ አቶ ጌታሁን ቢሮ ከመግባቴ በዋዜማው ከእናቷ ጋር መጥታ ዶክመንቷን ወስዳለች። እናቷ «ልጄ ጠዋት በጭለማ ተነስታ የምትመጣው አጭበርባሪ ልትባል አይደለም» ብለው ነው የፈረሙት። የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። በአንድ ቀን ቀደመችኝ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ለሊሴ ተመለሰች። ግብረ ኃይሉ ሪፖርቱን አቀረበ። አንዲት ተማሪ ተመልሳለች፣ አንዲት ለቃለች፤ ለውጥ የለም። ዲናችን «ቢያንስ አልቀነስንም» አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በስታትስቲክስ ትክክል ነው። ያቆየሁት ግን ትታ ሄዳ የነበረችውን ነው። ያስወጣሁት፣ አንድ ቀን ቀርታ የማታውቀውን ነው።

ለሊሴ ይቅር ብላኛለች። ማርታ ጋ አሁንም እደውላለሁ፤ ይጠራል፣ አታነሳም። መብቷ ነው። እናንተ ግን እዚህ ድረስ ሰማችሁኝ። እባካችሁ፣ ይቅር በሉኝ።