የታመኑ ሰዎቼና የሙሉነሽ ቤት

ደላላ ውሸታም ነው ይላሉ። አልከራከርም። ግን ውሸታም ደላላ እውነተኛ ሰዎች ከሌሉት አንዲት ጎጆ እንኳ እንደማያሻሽጥ ስንቱ ያውቃል? ገዢ እኔን አያምንም፤ አብሮኝ የመጣውን ሰው ነው የሚያምነው። ስለዚህ ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ሰው ቤቱን እየሸጠ ወደ ባላገር በሚሸሽበት ጊዜ፣ እኔ በራሴ ያጣሁትን ታማኝነት ከሌሎች ላይ መልቀም ጀመርሁ።

ሦስት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ አናጢ ነው፤ ምሰሶውን ቆርቆር ያደርግና ምስጥ ካለ በሻጩ ፊት «ምስጥ አለ» ይላል። ሁለተኛው መሪጌታ ልሳነ ናቸው፤ ውሉን ይጽፋሉ፣ ያልተባለ ቃል ግን እግራቸው ላይ ብትወድቅ አይጨምሩም። ሦስተኛው ትውልድ ቆጣሪው አያ ንጉሤ ናቸው። በእኛ አገር ርስት የዘር ነው፤ ዛሬ ገዝተህ ብትገባ ነገ አንዱ ከሮብ ገበያ መንደር ተነሥቶ «የቅድመ አያቴ ነው» ብሎ ደጅህ ላይ ይቆማል። አያ ንጉሤ በከተማው ያለውን የሻጩን ዘመድ ቆጥረው ያስጠራሉ፤ የተጠራውም «አልጠይቅም» ብሎ ውሉ ላይ ጣቱን ይጭናል። ከዚያ ወዲያ ገዢው እንቅልፉን ይተኛል።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ባሏ የሞተባት፣ እኔም ሚስቴን የቀበርሁ ሰው ነበርን። ቤቷ ከጣልያን ምሽግ ሥር ስለሆነ ጧት ማታ መለከት ያደነቁራታል። ልቤ ከወደዳት ቆይቷል። ሽማግሌ ልላክ ብላት፣ መጀመሪያ ቤቱን ሽጥልኝና ከዚህ መለከት ገላግለኝ፣ ሽማግሌህን ከዚያ ትልካለህ አለችኝ። ከዚህ የበለጠ የድለላ ዋጋ የት ይገኛል?

ገዢው ካሴ የሚባል የደምበጫ ጨው ነጋዴ ነበር፤ ሚስት የለው፣ ጥርጣሬ የሞላው። ይህ ሰው እንዳያመልጠኝ አያ ንጉሤን አደራ አልኋቸው፤ ማንንም ሳይፈሩ፣ አንድ ሰው ሳያስቀሩ ይቁጠሩ አልሁ። ምላስ አጥንት የላት!

በውሉ ቀን አናጢው ምስጥ አጣ። መሪጌታ ቀለማቸውን በጠበጡ። አያ ንጉሤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆጠሩ፤ ሁለት ያክስቷ ልጆች ጣታቸውን ጫኑ። ካሴ አለቀ ወይ ቢል፣ አያ ንጉሤ አንድ ቀርቷል አሉና ወደ እኔ ዞሩ። የእናቴ አያትና የሙሉነሽ ቅድመ አያት ወንድማማች ኖረዋል። እኔ የእናቴን ወገን ከአያቴ በላይ አላውቅም፤ እሳቸው ግን አራት ቤት ብለው በጣታቸው አሳዩኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ጣቴን ብጭን ዘመዷ ነኝ ብዬ መመስከሬ ነው፤ ሰባት ቤት ሳይርቅ ደግሞ ጋብቻ የለም። ባልጭን ካሴ ይሄዳል፣ እሷም ከነመለከቷ ትቀራለች። አያ ንጉሤን ወደ ጓሮ ወስጄ ይቺን ዝምድና እንርሳት ብላቸው፣ ማንንም ሳትፈራ ቁጠር ያልኸኝ አንተ አይደለህ ወይ አሉኝ። ተመልሼ ሙሉነሽን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። ጣቴን ጫንሁ። እሷም እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ አለችኝ። ወንድሜ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዕቃዋን ጭና ሮብ ገበያ ወረደች። ወር ሳይሞላ ሦስቱ የታመኑ ሰዎቼ ኩታቸውን አጣፍተው ደጄ ላይ ቆሙ። ግቡ፣ ተቀመጡ ብል እንቢ አሉ፤ ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥማ። አያ ንጉሤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ካሴ ሙሉነሽን ፈልጎ ልኮናል፣ እሷንም ብንጠይቅ ወንድሜን ጠይቁ ብላለች አሉኝ።

መለከቱስ? አልሁ። እለምደዋለሁ ብላለች አሉ።

አንድ ተስፋ ብቻ ቀረችኝ። ዝምድናቸው ተቆጥሯል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አያ ንጉሤ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርሁ፣ አንድም የሚያገናኛቸው የለም አሉ።

እሳቸው የቆጠሩት አይሳሳትም እያልሁ ለከተማው ሁሉ ስምል የኖርሁ እኔው ነኝ። «ተቀመጡ» አልኋቸው።