በጣት ፍሬን፣ በተረከዝ ነዳጅ፣ በሽማግሌ ሚስት

በዚህች ምድር ላይ ከመጥፎ ሹፌር የባሰ አደገኛ ፍጡር አለ... ቪዲዮ ያየ ሹፌር! መጥፎ ሹፌር ቢያንስ መጥፎነቱን ያውቃል፤ ይፈራል፤ ጥጉን ይዞ ይሄዳል። ቪዲዮ ያየውን ግን ማን ይቻለው? እሱ እንኳን ሶዶን፣ የዓለምን የውድድር ሜዳ ሁሉ አልጋው ላይ ተኝቶ በስልኩ ዞሮ ጨርሶታል። ማንን እንደማማ እንዳትጠይቁኝ። ራሴን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና ውድድር ነጂዎች ኩርባ ላይ ሲደርሱ አንድ ጉድ ይሠራሉ። በግራ እግራቸው ፍሪሲዮን ይረግጣሉ። በቀኝ እግራቸው ጣት ፍሬን ይይዛሉ፤ በዚያው በቀኝ እግር ተረከዝ ደግሞ ነዳጁን ነካ ያደርጉታል። ልብ በሉ፣ በአንድ እግር ሁለት ሥራ! ሞተሩ "ቩም" ይላል፤ ማርሹ ሳያንገጫግጭ ዝቅ ይላል፤ መኪናው ኩርባውን ሹልክ ብሎ ያልፋል። ይህን ካየሁ ወዲያ ሰላም የለኝም። ቢሮ ውስጥ ከጠረጴዛ ሥር እግሬን ሳለማምድ እውል ጀመር። አጠገቤ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቀን አላስቻላትም።

"ወንድሜ፣ እግርህን ምን ነካው? እንጸልይልህ እንዴ?"

"ወላይታ ውስጥ ምን ውድድር አለና?" ትሉኝ ይሆናል። የለም! ኩርባ ግን ሞልቷል። ኩርባ ካለ ደግሞ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

በዚሁ ሰሞን የሕይወቴ ትልቁ ጉዳይ መጣ። ምሕረትን ልጠይቅ ነው! ምሕረት ሶዶ ታስተምራለች፤ ወላጆቿ ገሱባ ናቸው። አባቷ አቶ አንጁሎ ስሜን ሰምተዋል እንጂ መልኬን አያውቁም። "ለልጄ ሀብታም አልፈልግም፤ የሰከነ ሰው ይሁንላት" ብለዋል አሉ። የሰከነ! ይህንን ስለ እኔ የሚመሰክሩ ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ። ምሕረት ቁርጡን ነገረችኝ፦ "አባዬ እምቢ ካለ በቃ። እሱን አስለቅሼ አላገባም።" ይህችን ልጅ እወዳታለሁ፤ በጣም እወዳታለሁ። ስለዚህ ጉዳዩ የቀልድ አልነበረም።

እንግዲህ ደንቡን ታውቃላችሁ። አግቢው ሽማግሌ ይልካል እንጂ አብሮ አይሄድም። ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። ግን ምን ይሁን... ቅዳሜ ጠዋት የተነጋገርነው ሹፌር "ጎማ ፈንድቶብኛል" ብሎ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ደጄ ላይ ቆመዋል። ሽማግሌ እመጣለሁ ብሎ መቅረት ደግሞ ነውር ነው። የኔን አሮጌ ዲኤክስ መኪና ከማስነሣት ሌላ ምን አማራጭ አለ?

"ስማ" አሉኝ አፈ ጉባኤያቸው ጋሽ ማዳልቾ፣ "ዛሬ አንተ ሹፌር ነህ። ከመኪናው አትወርድም። አትናገርም። አትታይም።"

"እሺ ጋሼ።"

ለነገሩ አዲሱን ሹል ጫማዬን አድርጌ ነበር። አልታይም ብዬ እንዴት በአሮጌ ጫማ ልሂድ?

ጋሽ ማዳልቾ ከፊት፣ ጋሽ ጳውሎስና ጋሽ ሳና ከኋላ ሆነው ጉዞ ተጀመረ። ኮረኮንቹ ላይ ስንደርስ ጋሽ ማዳልቾ ጉሮሯቸውን ጠርገው ንግግራቸውን ይለማመዱ ጀመር።

"ልጃችን ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረበት፣ የሰከነ..."

ኩርባ መጣ! ፍሪሲዮን፣ ጣት፣ ተረከዝ... ቩም! የጋሽ ማዳልቾ ባርኔጣ ከፊት መስታወቱ ጋር ተላተመ።

"ምን ሆነህ ነው ልጄ?"

"ማርሽ እያለሰለስኩ ነው ጋሼ!"

"ይሄ ነው የለሰለሰው?"

"ጌታ ሆይ!" አሉ ጋሽ ሳና ከኋላ።

ባርኔጣቸውን አቃንተው "የሰከነ፣ ትዕግሥተኛ..." ሲሉ ሌላ ኩርባ። ቩም! ጋሽ ጳውሎስ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው "እኔ እዚህ ጋ ብወርድ በእግሬ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ" አሉ። ልብ በሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው! መኪና ያስፈለገንም በሳቸው ምክንያት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን ገና አላፈሰስኩም ነበር።

የእነ ምሕረት ቤት ገሱባ ገብተው ቁልቁለቱን ከወረዱ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ኩርባ አለ፤ ከኩርባው ፊት ለፊት የግቢው በር። ለእንግዳ ክብር ወለል ተደርጎ ተከፍቷል። ግቢው ተጠርጓል። ከጥግ የምሕረት እናት የወይዘሮ አስቴር እንሰት ተሰልፎ ቆሟል። ለወላይታ ሴት እንሰቷ ምኗ እንደሆነ እዚህ አገር ላደጋችሁ አልነግራችሁም። ሰው ስሙን እንደሚጠብቅ ትጠብቀዋለች።

እኔ ግን ያን ጊዜ እንሰቱ አልታየኝም። የታየኝ ኩርባው ነው። "አንዲት ብቻ፣ በሥርዓት!" አልኩ ለራሴ።

እናንተዬ... ተሳካ! ፍሪሲዮን፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ማርሹ ከሦስት ወደ ሁለት ሹልክ! የማንም ጭንቅላት አልተነቃነቀም። ጋሽ ሳና እንኳ የጨፈኑትን ዐይናቸውን ገለጡ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ? እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ችግር የመጣው እግሬን ላነሣ ስል ነው። ያ ሹል ጫማ በፍሬኑና በነዳጁ መካከል ተሰንቅሮ ቀረ! ፍሬን ስረግጥ ነዳጁም አብሮ ይረገጣል። ብስበው አይወጣም። ብነቀንቀው ይብስበታል። ጭራሽ ደንግጬ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩት! ዲኤክሷ እያጓራች በበሩ ገባች፤ የተጠረገውን ግቢ አቋረጠች፤ ሄዳ እንሰቱ መሐል ውሽቅ አለች። እንደምንም ቁልፉን አዞርኩና ሞተሩ ጠፋ። ቀና ስል ዓለም አረንጓዴ ሆናለች። የእንሰት ቅጠል መስታወቱን ሙሉ ሸፍኖታል። አትታይ የተባለ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

"አላችሁ?" አሉ ጋሽ ማዳልቾ።

"አለን፣ ይመስገን" አሉ ከኋላ።

ሽማግሌ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው! ሦስቱም ወረዱ። ከሱፋቸው ላይ ቅጠሉን አራገፉ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ደጃፉ ጋ ሄደው ተደርድረው ቆሙ። አቶ አንጁሎ ከቤት ወጥተው አንዴ እንግዶቹን፣ አንዴ እንሰቱን ያያሉ።

"ግቡ... ተቀመጡ" አሉ በመጨረሻ።

"የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ማዳልቾ። "አስቀድመን ግን እንጸልይ።" በሰላም ስለመድረሳችን ያቀረቡት ምስጋና ረጅም ነበር፤ ከልብም ነበር። የጋሽ ሳና "አሜን" ሳግ የተቀላቀለበት ነው።

"ልጃችን" ቀጠሉ ጋሽ ማዳልቾ፣ "የሰከነ..."

ይሄኔ ወይዘሮ አስቴር ከጓሮ ደረሱ። በወላይትኛ ጀመሩ፤ ምናልባት ሹፌሩ ባይሰማስ ብለው መሰለኝ በአማርኛ ጨረሱት።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም! ሹፌር! ና ውጣ! የነቀልከውን ሳትተክል ከዚህ ግቢ አትወጣም!"

ምን ይደረጋል? ጫማዬን ከተሰነቀረበት ትቼ፣ አንድ እግሬን በካልሲ አድርጌ ወጣሁ። አማቴ ይሆናሉ ብዬ ስጸልይላቸው የከረምኩት ሴት መጀመሪያ ያቀበሉኝ ነገር ዶማ ነው።

"ጠለቅ አድርገው!"

"እሺ እማማ።"

"አፈሩን በእጅህ ጠቅጠቅ! እጅ የለህም?"

"አለኝ እማማ።"

ምሕረት ውሃ ይዛ መጣች። ትከሻዋ በሳቅ ይርገፈገፋል፤ ዐይኗ ግን ፈርቷል።

"እንካ ሹፌር" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ቀጥላ በሹክሹክታ "ምን ሆነህ ነው አንተ?"

"ተሳክቶልኝ ነበር እኮ!"

"ምኑ ነው የተሳካው?"

"ተረከዙ..."

"ዝም ብለህ ቆፍር! አባዬ እያየህ ነው።"

እውነትም አቶ አንጁሎ ደጃፉ ላይ ቆመው ሽማግሌዎቹን በአንድ ጆሯቸው እየሰሙ እኔን ያያሉ። ከዚያ የተናገሩትን ስሰማ ዶማው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

"ወንድሞቼ፣ አክብራችሁኛል። ግን ያላየሁትን ሰው በእናንተ ቃል ልመን ነው? ይሄን ሹፌር መርጣችሁ የመጣችሁ ሰዎች ባል መምረጥ ታውቃላችሁ ብዬ እንዴት ልመን?"

እኔማ አለቀልኝ! ምሕረትን በአንዲት ኩርባ አጣኋት። እንባዬ መጣ። ቀና ብዬ እንዳልናገር ደንቡ ያዘኝ። አቀርቅሬ መቆፈሬን ቀጠልኩ። ያዘመመውን አቃናሁ፤ ለጋውን ተከልኩ፤ አፈር አለበስኩ፤ ውሃ አጠጣሁ። ወይዘሮ አስቴርም መጮኹን ትተው እንሰቱን ያቀብሉኝ ጀመር።

የመጨረሻዋን ተክዬ ስነሣ አቶ አንጁሎ አጠገቤ ደርሰዋል። ሽማግሌዎቹ ከኋላቸው ቆመዋል። ወይዘሮ አስቴር አንዷን እንሰት ነቅነቅ አድርገው "ይዟል፤ ይበቅላል" አሉ። አቶ አንጁሎ ከካልሲዬ እስከ ጭቃ የነካው ግንባሬ ድረስ አዩኝ። ቀጥለው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

"ስለዚያ ስለልጃችሁ እንጃ፣ አላየሁትም። ይሄ ሹፌራችሁ ግን አነዳዱን እግዜር ይቅር ይበለው እንጂ ሰው ነው። ሲሰደብ አልመለሰ፤ ሲታዘዝ አላጉረመረመ፤ ያጠፋውን ሳያስተካክል ቀና አላለም። ለመሆኑ ሚስት አለው?"

ጋሽ ማዳልቾ ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አወለቁ።

"የለውም" አሉ። "እኛም የመጣነው እሷኑ ልንለምንለት ነው።"