በሺያ በተር የለሰለሰ እጅ

ቆይ፣ ቆይ፣ ሂሩት! «ሺያ በተር ደግሞ ማንን ጎድቶ ያውቃል?» ብለሽ የጻፍሽልኝን አሁን አነበብኩት። ጎዳኝ የሚል ቃል መች ወጣኝ? ጠቀመኝ ነው የምልሽ! ከልኩ በላይ ጠቀመኝ! ሰው ሁሉ የሚያማርረው መድኃኒቱ አልሠራ ሲለው ነው፤ እኔ ወንድምሽ ግን ሠርቶብኝ ተቸገርኩ። ይቺን ድምፅ ደግሞ እንደ ልማድሽ አፍጥነሽ እንዳትሰሚያት፤ በልኳ፣ ከነንዴቷ ስሚያት።

ለመሆኑ የግንበኛን እጅ ማን ይቀባል? ስምንት ዓመት ሙሉ ሲሚንቶ ሲበላው የኖረ እጅ ነው። ሲሰነጠቅ በምራቄ አርጥቤ ሥራዬን እቀጥላለሁ፣ ተከብሬ። እንዲህ በሰላም ስንኖር ላገባት ያሰብኳትን የትዕግስትን ነጠላ ላስተካክል ስል ክሩ ጣቴ ላይ ተሰክቶ ተመዘዘ። ልጅቱ ስቃ አለፈችው። አንቺ ግን ፀጉር ቤት ከፍተሽ ምን ይሳንሻል፣ ፀዳ ድረስ አስጠርተሽ፣ «ይኼ እጅ ሚስት ሊያቅፍ ነው ወይስ ቢላ ሊስል?» ብለሽ ያንን ባለ ክዳን ዕቃ አስያዝሽኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ስብከትሽስ! ከዛፍ ፍሬ የሚወጣ ነው፤ ታጥበህ ቆዳህ ሳይደርቅ ትቀባዋለህ፤ ውኃውን ይዞ ያስቀርልሃል፤ ብዙ አታብዛ፣ የሽንብራ ታህል ይበቃሃል፤ ስትተኛ ደግሞ እጅህ ላይ ካልሲ አጥልቅ። ካልሲ! እጄ ላይ! የቁስቋምን ዳገት ድንጋይ ተሸክሜ ስወጣ የሚያዩኝ ሰዎች ይኼን ቢሰሙ ምን ሊሉ ነው? ግን አደረግኩት። እውነቱን ልናገር፣ በሳምንቱ ስንጥቁ ገጠመ። በሦስተኛው ሳምንት ፊቴን ስታጠብ፣ የማን እጅ ነው የነካኝ ብዬ ደነገጥኩ።

ታዲያ በዚህ እጅ ነው አይከል ለሽምግልና የተሄደው። አጎታችን ሽማግሌዎቹን ይዘው ገቡ፤ እኔ ደጅ ቆየሁ። «ልጃችን ግንበኛ ነው፣ ድንጋይ ከእጁ አይለይም» እያሉ ሲያሞግሱኝ ይሰማኛል። የትዕግስት አባት አያ ጌጡ፣ «እስቲ ልየው» ብለው አስጠሩኝና እጃቸውን ዘረጉ። እጅ አይደለም እኮ፣ የግራር ቅርፊት ነው! ዕድሜ ልኩን ሞፈር የጨበጠ። ጨበጡኝ፤ ከዚያ አልለቅ አሉ። ገለበጡት። በሬ ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ሰው አውራ ጣታቸውን መዳፌ ላይ ወዲህ ወዲያ አደረጉ። እኒህ ሰው አማች የሚመርጡት በመዳፉ እንደሆነ ማን ነገረኝ? ወደ አጎታችን ዞር ብለው፣ «ግንበኛ ነው አላችሁኝ? ምነው፣ በምኑ ነው የሚገነባው? እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሁለት ሰው ነው፤ አንድም ሕፃን፣ አንድም ሌባ» አይሉኝ መሰለሽ!

አጎታችን ደግሞ ሊያድኑኝ ብለው፣ «ኧረ አያ ጌጡ፣ ቅባት ተቀብቶ ነው» አሉ። ባይናገሩ ይሻል ነበር። ሰውዬው፣ «ቅባት? ወንድ ልጅ?» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ እንባቸውን ጠርገው፣ ልጄን ለሥራ ፈት አልሰጥም አሉ።

ደሜ ፈላ! ጥዬ ልወጣ ነበር። ግን ትዕግስት ጓዳ ሆና እየሰማች ወዴት ይኬዳል? «ሥራ ስጡኝና እዩኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ። እሳቸውም ይኼን ሲጠብቁ እንደቆዩ ሁሉ ብድግ ብለው፣ ክረምት ያፈረሰውን የጓሮ ካብ አሳዩኝ። ሦስት ቀን ካብኩ ሂሩት! በዚያ በሕፃን ቆዳ! መጀመሪያ ውኃ ቋጠረ፣ ቀጥሎ ተላጠ፣ ከዚያ ያው ደም በደም። አያ ጌጡ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ «ያቺ ድንጋይ አልተመቻትም፣ አገላብጣት» ይሉኛል። በሦስተኛው ቀን መዳፌን ገልብጠው አዩና፣ «አሁን ገና ሸጋ እጅ ሆነ! ልጄን ሰጥቼሃለሁ። ጎንደር መጥቼ ቀን እንቆርጣለን» ብለው መረቁኝ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ዕቃ የከፈትኩ እንደሆነ! ጓንት እንኳ አላጠልቅም። ሲሚንቶውን በባዶ እጄ እያሸሁ፣ ጠዋት ጠዋት መዳፌን በመዳፌ ፈትጌ ድምፁን እየሰማሁ፣ ለእሳቸው መምጫ ስዘጋጅ ከረምኩ። ትዕግስት ነጠላዋን ከእኔ ራቅ አድርጋ መቀመጥ ጀመረች፤ ቻልኩት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ መጀመሪያ አባት፣ ከዚያ ልጅ አልኩ።

ዛሬ መጡልሽ። በኩራት እጄን ዘረጋሁ። ገና ሲጨብጡኝ «ውይ!» ብለው መንጭቀው ወሰዱት። እኔም ደነገጥኩ። የእሳቸው እጅ! ያ የግራር ቅርፊት! እንደ ባዘቶ ለስልሶ! ጣታቸውን እያሹ አዩኝና፣ «ምነው ልጄ፣ በዚህ ሞረድ ነው ልጄን የምትይዛት? ሰው እንዴት ለገላው አያስብም? ታጥበህ ሳይደርቅ ትቀባለህ፤ አታብዛው፣ የሽንብራ ታህል ይበቃል። እጅህ ይለስልስና ያን ጊዜ ቀን እንቆርጣለን» ብለውኝ ሄዱ።

የሽንብራ ታህል! ይቺን ልክ እኔ የሰማኋት ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ነው። ሂሩት፣ ለሰውዬው ሺያ በተር ለመላክ ሰርጌ እስኪያልፍ መጠበቅ አቃተሽ?